አምፕሊፋየሩ ሲጠፋ አትምቱት፣ ጠይቁት

ጥር ላይ ደባርቅ ወይም ዳባት ሰርግ የሄደ ሰው ይቺን ያውቃታል። እስክስታው በጋለበት ሰዓት ድምፁ ድርግም ይላል። ይነሳል፣ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ደግሞ ይጠፋል። አንዱ በጥፊ ይመታዋል፣ ሌላው «የቻይና ዕቃ!» ይላል። ሦስተኛው «መከላከያውን ቆርጠን ቀጥታ እናገናኘው» ይላል። የእኔ ጠብ ከሦስተኛው ጋር ነው።

በስሜን ተራሮች በቅሎ የሚጭን ሰው በቅሎዋ አልሄድም ብላ ስትቆም መጀመሪያ ጭነቱን ያያል። አምፕሊፋየርም እንደዚያው ነው። ራሱን የሚያጠፋው አንድ ነገር ስለከበደው ነው። መከላከያውን ስትቆርጡ ችግሩ አይጠፋም፣ የሚነግራችሁ ግን ይጠፋል። ከዚያ ስፒከሩ ይቃጠላል፤ በባህር ዛፍና በሸራ በተሠራ ዳስ ውስጥ ደግሞ እሳቱ እዚያ ላይ ላይቆም ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሶኬት ንቀሉት፣ የስፒከር ሽቦዎቹን በሙሉ አውጡና ለብቻው አብሩት። ያኔም ከጠፋ ጉዳቱ ውስጡ ነውና ለባለሙያ ስጡት። ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል። ካልጠፋ ግን እያጠፋችሁ ስፒከሮቹን አንድ በአንድ መልሱ። የትኛው ላይ እንደሚጠፋ ስታዩ ጥፋተኛው ተያዘ፤ ብዙ ጊዜ እርስ በርስ የተነካካ ሽቦ ነው።

ድምፅ ሲጨመር ብቻ ከጠፋ ስፒከሮቹን ቁጠሩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር አራቱን በአንድ መስመር ጎን ለጎን ብታገናኙ ለአምፕሊፋየሩ 2 ኦም ይሆንበታል። ከጀርባው «ቢያንስ 4 ኦም» የሚል ካለ ከአቅሙ በላይ ጭናችሁታል። ከጎረቤት በቀጭን ገመድ የተሳበ መብራትም ያው ነው፤ 220 ቮልቱ መንገድ ላይ ይደክማል።

ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ከጠፋ ሙቀት ነው። «ደባርቅ ብርድ አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ብርድ ነው፤ ግን ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ለአቧራ ብላችሁ ጨርቅ ከደረባችሁበት ደግሞ ጨርሶ አይተነፍስም።

ስልካችሁ ለጭፈራው ብቻ አይደለም። ሲጠፋ የትኛው መብራት እንደበራ ቅረጹና ለጠጋኙ አሳዩት። «ዝም ብሎ ይጠፋል» ከማለት ይሻላል፤ ዝም ብሎ የሚጠፋ አምፕሊፋየር የለም።