ካርታ ያልነካ እጅ እና የፕሮባቢሊቲ ዎርክሺት



እኛ ከጫግኒና ከአካባቢዋ ወደዚህ ግቢ የመጣን ተማሪዎች ነን። ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ደግሞ በመድረሳ ያደግን። ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ስለ አንድ ኮርስ ነው፤ ስለ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ፣ በተለይም ስለ መልመጃ ጥያቄዎቹ። «ይህ ደግሞ በጀመዓ ጋዜጣ ላይ ምን ይሠራል?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠን። ብዙዎቻችን በዚህ ኮርስ ተጎድተናል። ጉዳቱ ግማሹ ከጥያቄዎቹ፣ ግማሹ ደግሞ ከእኛው ከራሳችን የመጣ ነው ብለን እናምናለን።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የሚድ ፈተና ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ በደንብ ከተበወዘ ካርታ ሁለት ካርታ በተከታታይ ቢሳብ፣ የመጀመሪያውም ባይመለስ፣ ሁለቱም የልብ ምልክት ያለባቸው የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? አለቀ። ካርታው ስንት እንደሆነ፣ የልብ ምልክት ያለበት ስንት እንደሆነ አልተጻፈም። ሁሉም ያውቀዋል ተብሎ ታስቧል።

እኛ አናውቀውም ነበር። በቤታችን ካርታ አይገባም። ካርታ ሲጫወት የታየ ልጅ ወሬው ከአባቱ ቀድሞ ኡስታዙ ጋ ይደርስ ነበር። ስለዚህ አንዱ ጓደኛችን ቦታውን ባዶ ተወው። ሌላው ገምቶ ጻፈ። ከፈተናው በኋላ በመስጂድ በረንዳ ተቀምጠን ስንነጋገር ሁላችንም አንድ ነገር አልን፦ ፎርሙላውን እናውቀው ነበር፤ ያላወቅነው ካርታውን ነው።

የዚያን ቀን በጣም ተቆጥተን ነበር። አንዳንዶቻችን «ኮርሱ ራሱ የቁማርተኛ ኮርስ ነው፤ ዳይ፣ ካርታ፣ ሎተሪ፣ ሌላ ምን አለው?» እስከማለት ደረስን። ቁጣው ሲበርድ ግን ሁለት ነገር መለየት እንዳለብን ገባን።

አንደኛው፣ ቅሬታው እውነት አለው። የዚህ ትምህርት ጥያቄዎች በቁማር ጠረጴዛ ዙሪያ የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1654 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ፓስካልና ፌርማ፣ በደብዳቤ የተጻጻፉት ሳያልቅ በተቋረጠ የቁማር ጨዋታ ላይ የተያዘው ገንዘብ ለተጫዋቾቹ እንዴት ይከፈል በሚል ጥያቄ ነበር። እነርሱ ጥያቄያቸውን ያመጡት ከሚኖሩበት ሕይወት ነው። መጻሕፍቱ ከዚያ ወዲህ ካርታውንና ዳዩን ይዘው ቀጠሉ፤ እኛም ጋ እንዳለ ደረሰ።

ሁለተኛው፣ ቅሬታው ሰበብ ሊሆነን አይገባም። ቁማር ሐራም መሆኑ በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛ አንቀጽ የተነገረ፣ ክርክር የሌለበት ነገር ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈን ጥያቄ ማስላት ግን መቆመር አይደለም ብለን እናምናለን፤ ልቡ የከበደው ዑለማኦችን ይጠይቅ። ለፈተና የሚያስፈልገው እውቀትም ሁለት መስመር ብቻ ነው። ካርታ 52 ነው፤ በአራት ምልክት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ምልክት 13 አለው፤ ሁለቱ ምልክቶች ቀይ፣ ሁለቱ ጥቁር ናቸው፤ ሥዕል ያለባቸው ካርታዎች በእያንዳንዱ ምልክት ሦስት፣ በጠቅላላው 12 ናቸው። ይህን ቆርጣችሁ ደብተራችሁ ላይ ለጥፉት። መምህሮቻችንንም በአክብሮት እንጠይቅ፦ የካርታ ጥያቄ ሲያወጡ የካርታውን ብዛት እዚያው ይጻፉልን። የሚፈተነው ስሌቱ እንጂ የጨዋታው ልምድ አይደለምና።

አሁን የዚያን ቀን ጥያቄ ወደ ጫግኒ ገበያ እንውሰደው። አንዲት እናት በቅርጫት 52 ማንጎ ይዘው ተቀምጠዋል። 13ቱ ውስጣቸው ተበላሽቷል፤ ከላይ ግን አያስታውቅም። ሁለት ማንጎ ብናነሳ ሁለቱም የተበላሹ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? የመጀመሪያው የተበላሸ የመሆን ዕድሉ 13/52 ነው። እርሱ ከወጣ በኋላ የቀሩት 51 ማንጎዎች፣ የተበላሹት ደግሞ 12 ናቸው፤ ስለዚህ የሁለተኛው 12/51 ነው። ሁለቱን ስናባዛ ከ17 አንድ ይሆናል። የካርታውም መልስ ይኸው ነበር። ያ ባዶ የተወው ጓደኛችን በማንጎ ሲጠየቅ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ግማሹ ጉዳት ከራሳችን ነው ያልነው ደግሞ ይህ ነው። በጀመዓችን ቲቶሪያል ምን እናደርግ እንደነበር እናስታውስ። አንድ ሲኒየር ወንድም ነጭ ሰሌዳው ላይ ቆሞ ዎርክሺቱን ከአንድ እስከ ሃያ ይሠራል። እኛ እንገለብጣለን፤ ጭንቅላታችንን እንነቀንቃለን። ከዚያ ካለፈው ዓመት የወረስነውን መፍትሔ እናጠናለን። ፈተናው ላይ «ሳይመለስ» የነበረው «ተመልሶ» ሲሆን፣ «ሁለቱም» የነበረው «ቢያንስ አንዱ» ሲሆን እጃችን ይቆማል። የቀየሩብን አንድ ቃል ነው፤ እኛ ግን ያጠናነው ቃሉን ሳይሆን መልሱን ነበር።

በመድረሳ እንዲህ ተምረን ነበር ወይ? ሉሓችንን ይዘን ኡስታዙ ፊት ስንቀርብ «ጓደኛዬ ቀርቶታል» ብሎ ያለፈ ልጅ እናውቃለን? እያንዳንዱ በራሱ አፍ ያሰማል። ሲሳሳት ይመለሳል። ያላሰማ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ሙራጀዓ ካላደረገም የያዘው ይጠፋበታል። ይህን ሥርዓት ከልጅነታችን ጀምሮ እያወቅነው፣ ግቢ ስንገባ በዶርም በር ላይ ጫማችንን ስናወልቅ አብረን ያወለቅነው ይመስላል።

ጥያቄን ከገዛ ሕይወት ማውጣትም ለእኛ አዲስ አይደለም። አል-ኸዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. 820 አካባቢ በባግዳድ የጻፈውን የአልጀብራ መጽሐፍ ያየ ሰው ሰፊው ክፍሉ በኑዛዜና በውርስ ክፍፍል ጥያቄዎች የተሞላ መሆኑን ያገኛል። አንድ ሰው ሞቶ ይህን ያህል ልጆች ትቶ፣ ይህን ያህል ተናዞ ቢሆን ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል? ለዘመኑ ሙስሊም ዕለታዊ ጉዳዩ ሚራስ ነበርና መልመጃውን ከዚያ አወጣው። የበስራው ሊቅ አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዓረብኛን መዝገበ ቃላት ሲያቅድ የተነሳው ከፊደላቱ ነው፤ ፊደላቱ ተገጣጥመው ስንት ቃል ሊወጣቸው እንደሚችል በሥርዓት አሰበ። 28ቱን ፊደላት ሳንደግም ብንገጣጥም ባለ ሁለት ፊደል 28 × 27፣ ማለትም 756 ይወጣል። ባለ ሦስት ፊደል 19,656 ነው። በሉሕ ላይ አሊፍ ባ ታ ያልን ልጆች የመጀመሪያውን የፐርሙቴሽን ጥያቄ በእጃችን ይዘን ነበር ማለት ነው፤ የነገረን አልነበረም እንጂ። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አል-ኪንዲ በምስጢር የተጻፈ ደብዳቤን ለመፍታት የፊደላትን ድግግሞሽ መቁጠርን አስተማረ። ይህ ዛሬ በስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ምዕራፍ የምናገኘው የፍሪኩዌንሲ ቆጠራ ነው።

ይህን የምናነሳው በአባቶች ስም ለመኩራራት አይደለም። እነርሱ የሠሩትን እኛ አልሠራንም፤ ኩራቱ የሠሪው ነው። ነገር ግን መንገዱ ያስተምረናል፦ ሕዝብህ ከሚያሳስበው ጉዳይ ተነሥተህ ጥያቄ አውጣ፣ ከዚያ በእጅህ ፍታው።

እኛም በዚህ ሴሚስተር ሞከርነው። እህቶቻችን ካወጡት አንዱን እናካፍላችሁ። ቁጥሮቹ ለመልመጃ የተወሰዱ ናቸው። በአካባቢያችን ወባን የማያውቅ ቤት እምብዛም ነው። አንድ የወባ መመርመሪያ ከታመሙ 100 ሰዎች 95ቱን «አለበት» ይላል እንበል። ካልታመሙ 100 ሰዎች ግን በ10ሩ ላይ ተሳስቶ «አለበት» ይላል። በበጋ ትኩሳት ይዟቸው ከሚመጡ 1000 ሰዎች 100ው ብቻ ወባ ቢኖርባቸው፣ መመርመሪያው «አለበት» ያለው ሰው በእርግጥ ወባ የያዘው የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?

ብዙዎቻችን ሳናሰላ «95 በመቶ» አልን። እንቁጠር። ከ100 ሕሙማን 95ቱን ያገኛል። ከ900 ጤነኞች ደግሞ 90ውን በስሕተት «አለበት» ይላል። በድምሩ 185 ሰው «አለበት» ተብሏል፤ በእርግጥ የታመሙት 95 ናቸው። ይህ ከመቶ 51 ገደማ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር ከማለት ብዙም አይሻልም። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ወባ በሚበረታበት ወቅት ከ1000ው 400ው ቢታመሙስ? 380 እውነተኛ፣ 60 የስሕተት፣ በድምሩ 440 ይሆናል፤ ዕድሉ ወደ 86 በመቶ ይወጣል። መመርመሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው ወቅቱ ነው። የቤይዝ ደንብ የሚባለው ይህ ነው። ነገ የጤና ባለሙያ ወይም መሐንዲስ ሆኖ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ይህን በፎርሙላ ብቻ ሸምድዶ ቢያልፍ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም።

ሌላው ጥያቄ ከዶርማችን የወጣ ነው፤ ብንደብቀው አይጠቅመንም። ከመካከላችን የእግር ኳስ ቤቲንግ ትኬት የሚቆርጥ ወንድም አለ። አምስት ጨዋታ፣ የእያንዳንዱ ዕድል እኩል በእኩል፣ የእያንዳንዱ ኦድ 1.85 ይሁን። 100 ብር ያስያዘ ሰው አምስቱም ከተሳኩለት 2,167 ብር ገደማ ያገኛል። ይህን ቁጥር ሁሉም ያየዋል። አምስቱም የሚሳኩት ግን ከ32 አንድ ጊዜ ነው። 2,167ን ለ32 ስናካፍል 68 ብር አይሞላም። ማለትም በረጅሙ ሲታይ በየ100 ብሩ 32 ብር ገደማ ቤቱ ይወስዳል። ቁማር ሐራም የሆነው ስለሚያከስር ብቻ አይደለም፤ ቢያተርፍም ሐራም ነው። ነገር ግን «ዛሬ ይገባልኛል» ለሚል ወንድም ተቀምጦ ይህን በራሱ እጅ ማስላት ከብዙ ቁጣ የተሻለ ነሲሓ ሊሆነው ይችላል። በቁማር ጠረጴዛ የተወለደው ትምህርት ቁማርን ራሱን ሲያጋልጥ አየን።

«ታዲያ ዕድልን ማስላት ከቀደር ጋር አይጋጭም ወይ?» ብላ የጠየቀችን እህትም ነበረች። እኛ እንደገባን፣ ስሌቱ የሚለካው የእኛን አለማወቅ ነው። አላህ ዘንድ የተሰወረ ነገር የለም፤ እኛ ግን ከቅርጫቱ የትኛው ማንጎ እንደሚወጣ አናውቅም። ግመሉን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካትን የተማረ ሰው በመረጃ መዘጋጀት ከተወኩል እንደማያወጣው ያውቃል።

ስለዚህ ለጀመዓችን ቲቶሪያል ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ማንም መፍትሔ ከማየቱ በፊት ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ብቻውን ይታገል፤ ስሕተቱንም አይሰርዘው፣ ያቆየው። ሁለተኛ፣ ሲኒየሩ ሰሌዳውን ለቆ ይቀመጥ፤ እንደ መድረሳው እያንዳንዳችን ለጎረቤታችን እናሰማ፣ «ለምን አባዛህ? ለምን አልደመርክም?» እየተባባልን። ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ እያንዳንዱ ሰው ከአገሩ አንድ ጥያቄ ያውጣ፤ ከወሎ የመጣ ከወሎ፣ ከጅማ የመጣ ከጅማ፣ ከሐረር የመጣ ከሐረር። ጥያቄ ማውጣት ሞክሮ ያቃተው ሰው ምዕራፉ እንዳልገባው በዚያው ያውቀዋል። የሚድ ውጤት እስኪለጠፍ መጠበቅ የለበትም።

እኛ የራሳችንን እነሆ። ከጫግኒ ጠዋት የሚነሣው ሚኒባስ ከ10 ቀን በ8ቱ እንጅባራ በሰዓቱ ይደርሳል እንበል። በሰዓቱ ከደረሰ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን መኪና የማግኘት ዕድላችን 0.9 ነው፤ ከዘገየ ግን 0.3 ብቻ ነው። አንድ ወንድማችን ከእንጅባራ ደውሎ «አልሐምዱሊላህ፣ መኪናውን አግኝቻለሁ» አለ። ከጫግኒ ያመጣው ሚኒባስ ዘግይቶ የነበረ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?

መልሱን እዚህ አንጽፍም። ከዐስር ሶላት በኋላ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እንሰማማለን፣ ኢንሻ አላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።