የዱባና የአይብ ማካሮኒ

ካሮትን ከወጡ ለቅሞ የሚያወጣ ልጅ ማካሮኒ አይመልስም። የውጭው ቺዝ ግን ውድ ነው፤ ቅባቱና ጨዉም ይበዛል። መካነ ሰላም ገበያ አይብ እያለ ምን አስጨነቀን? ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ቅባቱ ትንሽ ነው። እንደ ቺዝ ስለማይቀልጥ ግን መፈጨት አለበት።

ግማሽ ኪሎ የተላጠ ዱባና 2 ካሮት ቀቅላችሁ ከ1 ኩባያ አይብና ከጥቂት ወተት ጋር በጁስ መፍጫ ፍጩ። ነጭ ሽንኩርት በዘይት አቁላሉና ጨምሩበት፤ አሙቁት እንጂ አታፍሉት፣ አይቡ ይፈረፈራል።

እሽጉ ላይ የተጻፈውን የመቀቀያ ደቂቃ (ማርኬቲንግ ሥራዬ ቢሆንም) አትመኑ። ከተማው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ማካሮኒው ተጨማሪ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፣ እየቀመሳችሁ አውጡት።

ቢጫው የዱባው ነው። ልጆቹ ካልጠየቁ አትንገሯቸው። በጾም አይቡንና ወተቱን ትታችሁ የተቀቀለ ድንች ፍጩበት።