የሞንተሬይ ማዘጋጃ ቤትና የቢራቢሮዋ ዕጭ

በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ከተማ፣ ከባሕሩ ዳር 37.6 ኤከር መሬት የነበራቸው ባለርስቶች በ1981 እ.ኤ.አ. 344 መኖሪያ ቤቶች የሚሠሩበትን ፕላን ለማዘጋጃ ቤቱ ባቀረቡ ጊዜ፣ የከተማው ደንብ ከሺህ በላይ የሚፈቅድ ሆኖ ሳለ፣ ያገኙት መልስ «264 ይሁን» የሚል ነበር፤ 264 ይዘው ሲመለሱ 224 ተባሉ፤ 224 ይዘው ሲመለሱ ደግሞ 190። ከ5 ዓመትና ከ19 ንድፍ በኋላ፣ መንገዱና የአንዲት ሰማያዊ ቢራቢሮ ማደሪያ ምክንያት ሆኖ ጉዳዩ ጨርሶ ተከለከለ። (ቢራቢሮዋስ ብትሆን፣ ያ ሁሉ ተፈልጎ የተገኘው አንድ ዕጭ ብቻ ነው።)

ፍጥረትን መጠበቅ ምግባረ ሠናይ መሆኑን አልክድም፤ ዳኛም የከተማ ፕላን ነዳፊ ይሁን አልልም። ነገር ግን ሹም የጠየቀው በተፈጸመለት ቍጥር ሌላ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ባለጉዳዩ ከችሎት በቀር ወዴት አቤት ይበል? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ጁሪው ክልከላው ከተባለው ዓላማ ጋር በእውነት ይዛመድ እንደ ሆነ መርምሮ 1.45 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1999 አጸናው። መሬቱ ግን ያን ጊዜ ለካሊፎርኒያ መንግሥት ከተሸጠ ቈይቶ ነበር።