ኮምፒውተሩን ማን ይቁጠረው?
የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ሲል ኮምፒውተርም እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ይቆጠራል፤ በሲፒዩው ጀርባ የተጻፈው መለያ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ከተመሳከረ ሥራው አለቀ። ውስጡ ያለው ሚሞሪ ወጥቶ ቢሄድስ መዝገቡ ምን ያውቃል? የሞጃና ወደራ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ሰላ ድንጋይ ላለ መሥሪያ ቤት የቆጠራ ሶፍትዌር ምረጥ ብባል፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ ኔትወርኩን የሚያስሰውን አልመርጥም። እንዲህ ያለው የሚያገኘው በዚያች ሰዓት የበራውን ማሽን ብቻ ነው፤ መብራት የሄደበት ቢሮ ኮምፒውተር እንደሌለው ይቆጠራል። እኔ የምመርጠው በየማሽኑ ላይ ትንሽ ወኪል ፕሮግራም የሚጫንለትን ጂኤልፒአይን ነው። በራስ ሰርቨር ላይ ከተጫነ በዶላር የሚታደስ ፈቃድ አይጠይቅም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 10ኛ እትሙ ወዲህ ደግሞ ቆጠራውን ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ራሱ ይሠራል። ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ወኪሉ ያነበበውን በፍላሽ ይዞ ሄዶ ማስገባት ይቻላል (ቫይረሱን አደራ!)። የገቢ ደረሰኙን፣ የሞዴል 19ን ቁጥር ግን የትኛውም ፕሮግራም ከማሽኑ ውስጥ አያነበውም፤ እሱን የንብረት ክፍል ሠራተኛው አንድ ጊዜ ከሲሪያል ቁጥሩ ጎን ያስገባው።