የተፎካካሪ ሰላዮች ፊልም በሐርጌሳ ዓይን

የስለላን ሥራ በቀልድ መልክ የሚያቀርብ ፊልም ለአብዛኛው ተመልካች ቀላል መዝናኛ ነው። በለንደን ወይም በኒው ዮርክ የሚኖር ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ይስቃል፤ ከዚያም ያየውን ረስቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሐርጌሳ ለሚኖር ተመልካች ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ፊልሙ የሚቀልድበት የልዕለ ኃያላን ፉክክር በዚህች ከተማ ላይ የደረሰው በጨዋታ መልክ ሳይሆን በአውሮፕላን ቦምብ መልክ ነበርና። ከዚህም የተነሣ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በፉክክሩ የተጎዳ ሕዝብ በፉክክሩ መሳቅ ይገባዋልን? መልሱ አዎን፥ ይገባዋል የሚል ነው። እንዲያውም የእርሱ ሳቅ ከሌላው ሳቅ የተሟላ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ የበቃው «ዘ ማን ፍሮም አንክል» የተባለው ፊልም ነው። መነሻው ከ1964 እስከ 1968 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረ ተመሳሳይ ስም ያለው ተከታታይ ድራማ ሲሆን፥ ፊልሙን ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ዲሬክተር ጋይ ሪቺ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1963 በምሥራቅ በርሊን ነው። ናፖሊዮን ሶሎ የተባለ የአሜሪካ ሰላይ፥ ጋቢ የምትባለውን የመኪና መካኒክ ከግንቡ ወዲያ ለማሻገር ይመጣል። ኢልያ ኩርያኪን የተባለ የሶቪየት ሰላይ ደግሞ ይህን ለማክሸፍ ይከተላቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሊጠፋፉ ሲፈላለጉ ያደሩት ሁለቱ ሰዎች በማግሥቱ ያልጠበቁት ትእዛዝ ይደርሳቸዋል። አለቆቻቸው ተስማምተው ኖሮ፥ በኢጣልያ የኑክሊየር ቦምብ በድብቅ የሚያሠሩ ሀብታሞችን ለመያዝ አብረው እንዲሠሩ ይታዘዛሉ።

የፊልሙ ደስታ የሚመነጨው ከዚህ ያልተፈለገ ሽርክና ነው። ሁለቱ ሰላዮች በባሕርይ እንደ ውኃና እንደ እሳት ናቸው። ሶሎ ልብሱ የማይጨማደድ፥ ንግግሩ የለሰለሰ፥ ከሥራው ይልቅ ምቾቱን የሚወድ ሰው ነው። ኩርያኪን ደግሞ ቁጡ፥ ብርቱና ቀልድ የማያውቅ ነው፤ በበርሊን ጎዳና ላይ የሚሮጠውን መኪና ከኋላ በእጁ ጨብጦ ሊያቆመው ይታገላል። እነዚህ ሰዎች የዓለም ሰላም በእጃቸው ሳለ በሮም አንድ የልብስ መደብር ውስጥ ገብተው ስለ ሴት ቀሚስና ስለ መቀነት ይከራከራሉ። አንዱ በሌላው ክፍል ውስጥ በስውር የተከላቸውን የድምፅ መስረቂያዎች እየነቃቀሉ ይመላለሳሉ፤ እንደ ተዋሱት ዕቃ ይመልሱታል። አጥር ቆርጠው ለመግባት በተሰለፉበት ጊዜ እንኳ የማን አገር መሣሪያ እንደሚበልጥ መፎካከራቸውን አይተዉም።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስቀው በባሕር ዳር የሚታየው ትርዒት ነው። ሁለቱም በሞተር ጀልባ ከጠላት ሲሸሹ ሶሎ ከጀልባው ይወድቃል። ዋኝቶ ይወጣና በወደቡ ዳር የቆመ የጭነት መኪና አግኝቶ ይገባበታል። በውስጡ የሾፌሩን ምሳ ያገኛል። ሬዲዮ ከፍቶ፥ ወይን ቀድቶ፥ ዳቦውን እያላመጠ ረጋ ብሎ ይመገባል። ከፊት ለፊቱ ባልደረባው በጥይት እየተሳደደ በባሕሩ ላይ ይዞራል። ሶሎ ከብዙ መዘግየት በኋላ መኪናውን ወደ ባሕሩ ነድቶ ኩርያኪንን ያድነዋል። በዚህ ትርዒት ውስጥ አንድም ረጅም ንግግር የለም። ሳቁን የሚፈጥረው የሙዚቃው ልስላሴና የአደጋው ጭካኔ በአንድ ጊዜ መታየታቸው ነው። የዳንኤል ፔምበርተን ሙዚቃ፥ የዘመኑ አለባበስና የኢጣልያ ከተሞች ውበት ተጨምሮበት ፊልሙ ለዓይንም ለጆሮም የሚመች ሆኗል።

እንዲህ ያለው ቀልድ ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ ትክክል አይሆንም። በመሠረቱ ቀልድ አንድ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ራሱን እጅግ የሚያከብረውን ኃይል ወደ ሰው ቁመት ያወርደዋል። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ድራማ መታየት የጀመረው ዓለም በኩባ ሚሳይሎች ምክንያት ከኑክሊየር ጦርነት አፋፍ ላይ ከቆመችበት ከ1962 ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ለአሜሪካ ሕዝብ ሩሲያዊ ማለት ጠላት ማለት ነበር። ሆኖም ድራማው ሩሲያዊውን ሰላይ የአሜሪካዊው የሥራ ባልደረባ አድርጎ አቀረበው። የኩርያኪንን ሚና የተጫወተው ዴቪድ ማካለምም በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ሆነ። በብዙ ስብከት ሊሆን ያልቻለውን በጥቂቱም ቢሆን ሳቅ አደረገው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ፊልሙ የማያሳየው ሌላ መድረክ አለ። ታሪኩ በበርሊን በሚጀምርበት በዚያው በ1963፥ ሶማሊያ ከምዕራባውያን የቀረበላትን ወታደራዊ እርዳታ ትታ የሶቪየት ኅብረትን እርዳታ ተቀበለች። ኢትዮጵያ በበኩሏ ከ1953 ጀምሮ ከአሜሪካ ጋር ወታደራዊ ውል ነበራት። በአሥመራም ቃኘው የተባለው የአሜሪካ የሬዲዮ ማዳመጫ ጣቢያ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ሶሎና ኩርያኪን በሮም ሲፎካከሩ በሚታዩበት ዘመን፥ የእውነተኞቹ ድርጅቶች ጆሮና እጅ በአፍሪካ ቀንድ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሶቪየቶች በሶማሊያ ሠራዊት ውስጥ አማካሪዎቻቸውን አስገቡ፤ ከሐርጌሳ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በበርበራ ወደብም ወታደራዊ ተቋም ሠሩ።

ቀጥሎ የመጣውን ነገር አንድ የኮሜዲ ደራሲ ቢጽፈው ተመልካች ማጋነን ነው ይል ነበር። በ1977 የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን በገባ ጊዜ ሁለቱ ልዕለ ኃያላን ወዳጆቻቸውን ተለዋወጡ። በዚያው ዓመት ደርግ የቃኘውን ጣቢያ ዘጋ። በኅዳር ወር ሶማሊያ የሶቪየት አማካሪዎችን ከአገር አስወጣች፤ ሶቪየት ኅብረትም ለኢትዮጵያ ብዙ መሣሪያ አጎረፈች። በ1980 ደግሞ አሜሪካ ቀድሞ የሶቪየቶች መጠቀሚያ በነበረው በበርበራ እንድትጠቀም ከሶማሊያ ጋር ተዋዋለች። ትላንት ጠላት የተባለው ዛሬ ወዳጅ፥ ትላንት ወዳጅ የነበረው ዛሬ ጠላት ሆነ። ነገሩ በመድረክ ላይ ቢሆን ኖሮ አዳራሹን በሳቅ ይሞላው ነበር። ነገር ግን በኦጋዴን ሜዳ ላይ የወደቁት የኢትዮጵያና የሶማሊያ ወጣቶች ተዋንያን አልነበሩም። መጋረጃው ሲዘጋ ተነሥተው እጅ አልነሡም።

በሐርጌሳ የደረሰው ደግሞ ከዚህም ይከፋል። በግንቦት ወር 1988 መጨረሻ ላይ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ከተማዋ በገቡ ጊዜ የፕሬዚዳንት ዚያድ ባሬ መንግሥት የራሱን ከተማ በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። አውሮፕላኖቹ ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ በዚያችው ከተማ ላይ ቦምብ ይጥሉ ነበር። አብዛኛው ቤት ፈረሰ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትም ድንበር ተሻግረው በኢትዮጵያ ውስጥ በሐርትሼክና በሌሎች ሰፈሮች ተጠለሉ። ዛሬ በሐርጌሳ መካከል በከፍታ ላይ የቆመ አንድ ሚግ የጦር አውሮፕላን ይታያል። የዚያን ጊዜ መታሰቢያ ነው። አውሮፕላኑ በሶቪየት ኅብረት የተቀየሰ ዓይነት ነው፤ ከተማዋን ያስደበደበው መንግሥት ግን በ1988 የአሜሪካ ወዳጅ ነበር። የሁለቱ ተፎካካሪዎች ፍሬ በአንድ ቦታ ተገናኝቶ መታየቱ ከዚህ በላይ ምስክር አያሻውም።

ታዲያ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንደሚባለው፥ በዚህ ሐውልት አጠገብ የሚያልፍ ሰው በሰላዮች ቀልድ ሊስቅ አይገባውም የሚሉ ይኖራሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ፊልሙ ፉክክሩን ከአቧራና ከደም አጥቦ፥ በጥሩ ልብስ አልብሶ፥ በጥሩ ሙዚቃ አጅቦ ያቀርበዋል። የሚፈርሰው ቤት የክፉዎቹ ብቻ ነው፤ ስደተኛ የሚባል ሰው በፊልሙ ውስጥ አይታይም። ይህን ያየ ወጣት ያ ዘመን የውበትና የጨዋታ ዘመን ነበር ብሎ ቢገምት አያስደንቅም።

ነገር ግን ሐዘንን በማክበር ስም ሳቅን መከልከል የሐርጌሳን ሕዝብ የራሱን ታሪክ መርሳት ነው። በ1988 ቦምብ ሲዘንብ የሐርጌሳ ሬዲዮ ሰዎች የዘፈንና የተውኔት ክሮች እንዳይጠፉ በመሬት ውስጥ ቀበሩአቸው፤ ሌሎቹም ክሮች ወደ ጎረቤት አገሮች ተሻግረው ዳኑ። ከዓመታት በኋላ ከመሬት የወጡትና ከየቦታው የተሰበሰቡት ከአሥር ሺህ በላይ ክሮች ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማእከል ውስጥ ይገኛሉ። ሰው ነፍሱን ለማዳን በሚሯሯጥበት ሰዓት የፍቅር ዘፈንና የመድረክ ጨዋታ ለማዳን ጉድጓድ መቆፈሩ ትልቅ ትምህርት አለው። መዝናኛ ለዚያ ሕዝብ የትርፍ ጊዜ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ሊጠፋ የማይገባው የኑሮው ክፍል ነበር። ይህ ሕዝብ መሳቅን ከማንም ፈቃድ አይለምንም።

በሌላ ወገን ደግሞ ፊልም ፊልም ነው፤ ታሪክን ምን አመጣው የሚሉ አሉ። እነዚህም ግማሹን እውነት ብቻ ይዘዋል። እርግጥ ነው፥ አንድ ቀልደኛ ፊልም የታሪክ መጽሐፍ ሊሆን አይገደድም፤ ባላሰበው ነገርም መወቀስ የለበትም። ይሁንና ፊልሙ ራሱ በታሪክ ላይ የቆመ ስለሆነ፥ ታሪኩን የሚያውቅ ተመልካች ከማያውቀው ይልቅ ቀልዱን በጥልቀት ይረዳዋል። ለምሳሌ የፊልሙን ፍጻሜ መመልከት ይቻላል። የቦምቡ አሠራር ምስጢር የተቀዳበት ዕቃ ከተያዘ በኋላ ሁለቱም አለቆች፥ አስፈላጊ ከሆነ ባልደረባችሁን ገድላችሁም ቢሆን ምስጢሩን አምጡ ብለው ያዛሉ። ሁለቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ዓይን ይመለከታል። ከዚያም ምስጢሩን በጋራ ያቃጥሉታል። ይህ ለማንም ተመልካች ደስ የሚል ፍጻሜ ነው። ለሐርጌሳ ተመልካች ግን ከዚያ ይበልጣል። እርሱ መሣሪያው ሳይቃጠል ሲቀር ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ወዳጆች ተለዋውጠው አለቆቹ ሲሄዱ መሣሪያው በአገሩ ውስጥ ቀርቶ በገዛ ሕዝብ ላይ እንደሚዞር አይቷል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ትእዛዝን እምቢ ብለው ክብሪት ሲጭሩ ሲያይ፥ የሚያየው ቀልድ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳይደረግ የቀረ ነገር ነው።

ይህ ጉዳይ የሐርጌሳ ብቻ አይደለም። በኦጋዴን የተዋጉት የሁለቱ አገሮች ወታደሮች ከአንድ ልዕለ ኃያል መጋዘን የወጣ መሣሪያ ይዘው ተገናኝተዋል። በሐርትሼክ ሜዳ ላይ የሰፈሩትን ስደተኞች የተቀበለችው ከአሥር ዓመት በፊት ጠላት ተብላ የተወጋችው ኢትዮጵያ ናት። ስለሆነም በጅግጅጋም፥ በድሬዳዋም፥ በአዲስ አበባም የሚኖር ወጣት እንዲህ ያለውን ፊልም ሲያይ ከሐርጌሳው ወጣት ጋር የሚጋራው ትዝታ አለው። አባቶቻቸው በአንድ ጦር ሜዳ በተቃራኒ ወገን የተሰለፉ ሁለት ልጆች በአንድ ቀልድ ቢስቁ፥ ያ ሳቅ አባቶቻቸውን ላሰለፏቸው ኃያላን የሚሰጥ በቂ መልስ ነው።

በአጠቃላይ ጥሩ ቀልድ ሊወደድ ይገባል፤ ተመልካቹም ሙሉ ደስታውን ማግኘት አለበት። በጭነት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ምሳውን በሚበላው ሰላይ የማይስቅ ሰው ፊልሙን አላየውም ማለት ነው። ነገር ግን ሳቅ ዕውቀትን ሊያባርር አይገባም፤ ዕውቀትም ሳቅን ሊያባርር አይገባም። ሁለቱን በአንድ ልብ ውስጥ ማኖር የበሰለ ተመልካች ምልክት ነው። ኃያላን ትንንሾችን አገሮች እንደ መጫወቻ ቢቆጥሩም፥ ትንንሾቹ በኃያላኑ ላይ መሳቅ ይችላሉ። የሚስቁትም ረስተው ሳይሆን ሁሉን እያስታወሱ ከሆነ፥ ሁለተኛ መጫወቻ ለመሆን አይመቹም።