በእናት በኩል ስለሚወርደው የደም ደዌና ስለ አዲሱ መድኃኒት ዋጋ

በአዊ አገር የዘር ቈጠራ ከልጅነት ጀምሮ የሚጠና ትምህርት ነው። ሕዝቡ ራሱ ሰባት ቤት አገው ተብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ ልጁን ለመዳር ያሰበ ሰውም እስከ ሰባት ትውልድ ቈጥሮ ዝምድና አለመኖሩን ሳያረጋግጥ ቃል አይሰጥም። የዛሬው የሕክምና ትምህርት እንደሚያስረዳው፣ ይህ ልማድ በአባትና በእናት ወገን ተሰውሮ የሚመጣውን በሽታ በብዙ የሚከለክል ነው፤ እንዲህ ያለው ጉድለት ከሁለቱም ወገን ሲገናኝ ብቻ የሚገለጥ ስለ ሆነ፣ ዘመዳሞች ካልተጋቡ የመገናኘቱ ነገር ይቀንሳል። ነገር ግን ሰባት ቤት ቢቈጠር የማይመለስ ሌላ ደዌ አለ፤ ይኸውም ሂሞፊሊያ የሚባለው የደም አለመርጋት ነው።

ይህን ደዌ ብዙ ጊዜ ወደ ልጅ የምታወርደው እናት ናት። እርስዋ ሳትታመም ጉድለቱን ትሸከማለች፤ ከምትወልዳቸው ወንዶች ልጆች እያንዳንዱ የመታመም ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ ሴቶቹም በዚያው መጠን ተሸካሚዎች ይሆናሉ። ከሦስት በሽተኞች በአንዱ ያህል ላይ ግን ከቤተ ዘመዱ ማንም ሳይታመም ጉድለቱ እንደ አዲስ ይፈጠራል። ዋናው ዓይነት ከ5,000 ወንዶች ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚደርስ በዓለም ታውቋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የአዊ ዞን ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን የተጠጋ ስለ ነበር፣ በዚህ ሒሳብ ሁሉ በሕይወት ቢቈዩ በዞኑ መቶ ያህል በሽተኞች ሊገኙ ይገባል ማለት ነው። በድሃ አገሮች ግን ከበሽተኞቹ የሚበልጡት ደዌያቸው ሳይታወቅ እንደሚኖሩ የዓለም ሂሞፊሊያ ፌዴሬሽን ደጋግሞ ገልጿል።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በስምንተኛው ቀን ነው። ሕፃኑ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ይላል። የሞተ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ገራዡን ይወቅሳል፣ ወይም የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ሁለተኛውም ወንድ ልጅ ተወልዶ እንዲሁ ሲሆን ቤቱ እርግማን አለበት ይባላል። የተረፈው ሕፃን መዳህ ሲጀምር ገላው በትንሽ መነካት ይጠቍራል፤ ከፍ ሲልም በጕልበቱና በክርኑ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ያብጣል፣ በመጨረሻም ያነክሳል። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እኩዮቹ ሲጋልቡ እርሱ ዳር ተቀምጦ ይመለከታል። ገራዡ ግን ጥፋት የለበትም። በአይሁድ የጥንት መምህራን መጽሐፍ በታልሙድ፣ ሁለት ልጆች በግዝረት የሞቱባት እናት ሦስተኛው ልጅዋ አይገረዝባት የሚል የአንድ መምህር ቃል ተጽፎ ይገኛል፤ የደሙ ምሥጢር ሳይታወቅ፣ በእናት በኩል መውረዱ ግን በዚያ ዘመን ተጠርጥሮ ነበር። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የኒቆላዎስ 2ኛ ልጅ አልጋ ወራሹ አሌክሲም የዚሁ ደዌ በሽተኛ ነበር፤ የአባቱ ግምጃ ቤት መድኃኒት አላስገኘለትም።

አሁን ግን መድኃኒቱ ተገኝቷል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአሜሪካ የተፈቀደው ሄምጀኒክስ፣ ክፋቱ በተወገደለት ቫይረስ አማካይነት ጤነኛውን ዘረ መል ወደ ጉበት የሚያደርስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በደም ሥር የሚሰጥ ነው፤ ዋጋውም 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ለዚያው ደዌ ቤቅቬዝ የተባለ መድኃኒት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ አስፈቅዶ፣ ፈላጊ በማጣቱ በየካቲት 2017 ዓ.ም. መተዉን አስታወቀ። ለበሽተኛው እጅግ የከበደው ዋጋ ለሠሪውም ትርፍ አላመጣለትም። ኖቫርቲስ ደግሞ የሕፃናትን ጡንቻ ለሚያደክመው ደዌ የሠራውን ዞልጀንስማ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒቱ ላልደረሰባቸው አገሮች በዓመት እስከ መቶ ለሚደርሱ ሕፃናት በዕጣ ለመስጠት ተነሣ፤ ዕጣውን በጎ አድራጎት ነው ያለም፣ ጭካኔ ነው ያለም ነበረ።

እንግዲህ ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ምን ገንዘብ ታውጣ? ለአንድ ሰው ሦስት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ክፈሉ የሚል አይኖርም። ምርምሩ የባለጸጎች ነው ብሎ መተውም ስሕተት ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋምና የጌትስ ፋውንዴሽን፣ ለማጭዳዊ የደም ሕዋስ ደዌና ለኤች አይ ቪ በድሃ አገር ሊሰጥ የሚችል የዘረ መል ሕክምና እንዲገኝ በአራት ዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ለማውጣት ተስማምተዋል፤ እንዲህ ያለው ሥራ በሽተኞቹ ተመዝግበው በሚገኙበት አገር ካልተፈተነ ፍሬ አይሰጥም። ሌላም ምክንያት አለ። ለዋናው ሂሞፊሊያ የተሠራው ሮክታቪያን ሰውነቱ ቀድሞ ያንን ቫይረስ ላወቀና መከላከያ ላበጀ ሰው አይሰጥም፤ ከባላገሩ ስንቱ እንዲህ እንደ ሆነ የራሱን የባላገሩን ደም ሳይመረምሩ ማወቅ አይቻልም። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ይህን ዓይነት ሥራ አይችሉም እንዳይባል፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄደውን ገበሬ የሚይዘው የእግር ዝሆኔ ዝንባሌው በዘር እንደሚወርድ በ2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ደም ተመርምሮ ታውቋል፤ የምርምሩም መሪ ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ ነበር።

መቅደም የሚገባው ወጪ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። የዘረ መል መድኃኒቶቹ ለሂሞፊሊያ የተፈቀዱት ለአዋቂ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሕፃኑ እስኪያድግ ድረስ በሕይወት መቈየት አለበት። ፌዴሬሽኑ በልግስና የሚያድለው ደም አርጊ መድኃኒትና ከቆዳ በታች የሚወጋው ኤሚሲዙማብ ደዌው በምርመራ ለታወቀለት ልጅ ነው፤ ያልታወቀው ድርሻ የለውም። ከእንጅባራ እስከ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጸጥታ ምክንያት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ የሚደማ ልጅ ይዞ መጓዝ እንዴት እንደሚሆን የታወቀ ነው። ስለዚህ በእንጅባራ ሆስፒታል የደም መርጋትን የሚለካ መሣሪያ፣ የሠለጠነ ባለሙያና መድኃኒቱን የሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ሊታሰብ ይገባል።

ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ ደግሞ በካህናቱ እጅ ነው። የነፍስ አባት የእያንዳንዱን ቤት ልደትና ሞት ያውቃል። ገራዡ ሳይጠራ በፊት እናቲቱን፣ ወንድምሽ ወይም የእናትሽ ወንድም ደሙ አልቆም ብሎት ያውቃልን፣ ከዚህ ቀደም በግዝረት የሞተብሽ ልጅ አለን ብሎ ቢጠይቅና፣ አዎን ካለችው ሕፃኑ አስቀድሞ ወደ ሆስፒታል እንዲወሰድ ቢያደርግ፣ ግዝረቱ ለጥቂት ሳምንት ይዘገይ ይሆናል እንጂ ልጁ ይተርፋል።