ሜይዳን ላይ ስም አይሮጥም
የዱባይ ወርልድ ካፕ ምሽት ፈረሶች እንዴት ይገመታሉ?

ኤፕሪል 5 ቀን 2025 ምሽት ዱባይ ሜይዳን የተገኘው ተመልካች የሚከራከረው ጃፓናዊው ፎርኤቨር ያንግ ያሸንፋል አያሸንፍም በሚለው አልነበረም፤ በስንት ርቀት ይቀድማል በሚለው ነበር። ፈረሱ ከስድስት ሳምንት በፊት ሪያድ ላይ የ20 ሚሊዮን ዶላሩን ሳዑዲ ካፕ ከሆንግ ኮንጉ ሮማንቲክ ዋሪየር ጋር ተናንቆ ወስዶ ነው የመጣው። ሩጫው ሲያልቅ ግን የመጨረሻውን መስመር ቀድሞ ያለፈው ብዙ ሰው ስሙን እንኳን በቅጡ የማያውቀው ሂት ሾው ሆነ። በፍሎረንት ዤሩ የተጋለበው ይህ የአሜሪካ ፈረስ የተሰጠው ግምት 40 ለ 1 አካባቢ ነበር። መጨረሻዋ ላይ ሚክስቶን ደረሰበትና አለፈው። ፎርኤቨር ያንግ 3ኛ ወጣ።

ፈረሱ አልቆለታል፣ ደክሟል እንዳይባል ደግሞ በዚያው ዓመት ኖቬምበር አሜሪካ ዴል ማር ላይ የብሪደርስ ካፕ ክላሲክን አሸንፏል። ማለትም ችግሩ ፈረሱ ላይ አልነበረም።

ቤቲንግ የሚቆርጥ የኳስ ተመልካች ይህቺን ነገር አሳምሮ ያውቃታል። ሰባት ስምንት ጨዋታ ይይዝለትና «ይኼማ ያለቀለት ነው» ብሎ የጨመረው ትልቅ ቡድን ሜዳው ላይ አቻ ይወጣል፤ ትኬቱ ይበላል። የሜይዳን ምሽትም ከዚህ ብዙ አይለይም። የሚለየው ዘጠኙም ውድድሮች በአንድ ምሽት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ መካሄዳቸው ነው። በዚያ ላይ በዱባይ ውድድሩ ከተጀመረበት ከ1996 ጀምሮ አቋማሪ ሜዳው ላይ ቆሞ ገንዘብ ሲሰበስብ ታይቶ አይታወቅም። ተመልካቹ አሸናፊዎቹን በነጻ እየገመተ ለሽልማት ሲወዳደር ነው የኖረው። ለንደንና ሆንግ ኮንግ ያለው ቁማርተኛ ግን በዚያው ምሽት ኪሱን ይዳብሳል።

አገራችን ለፈረስ እንግዳ አይደለችም። ንጉሡና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም የሚጠሩባት፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ያለች አገር ናት። ጃን ሜዳም ዛሬ የኳስና የሩጫ ሜዳ ብቻ ቢመስልም የፈረስ እሽቅድምድም ያስተናገደ ቦታ ነው። ሆኖም የዱባዩን ዓይነት ያለ መሰናክል የሚደረግ ሩጫ በቲቪ ሲመጣ አብዛኛው የኳስ አፍቃሪ የሚያየው የጋላቢዎቹን ልብስ ቀለም ነው። ማየት ያለበት ግን ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል። ሜይዳን ሁለት ትራክ አለው። ውጪ ያለው ዙሪያው 2400 ሜትር የሆነ የሳር ትራክ ሲሆን ውስጠኛው 1750 ሜትር የሆነ የአሸዋና የአፈር ትራክ ነው። ከምሽቱ ዘጠኝ ውድድሮች አራቱ በሳር፣ አምስቱ በአፈር ላይ ይካሄዳሉ። የ12 ሚሊዮን ዶላሩ ዋናው ወርልድ ካፕ 2000 ሜትር ሆኖ በአፈሩ ላይ ነው። በሳር ያደገ ፈረስ አፈር ላይ ሲገባ የሚገጥመው ችግር ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ የሚሮጡት በኮቴያቸው የሚወረውሩት አፈር ፊቱ ላይ ይወርድበታል። ይህን ያልለመደ ፈረስ አንገቱን ያነሳል፣ መሮጥ ይጠላል፣ ጋላቢውም ምንም አያመጣም።

መሬቱ ምን ያህል ውጤት እንደሚቀይር የሜይዳን የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። ውድድሩ ከናድ አል ሺባ ወደ ሜይዳን በ2010 ሲዛወር ዋናው ትራክ አርቴፊሻል ነበር። አሜሪካኖቹ አፈር የለመዱ ናቸውና ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። በ2011 ጃፓናዊው ቪክትዋር ፒሳ፣ አገሩ በሱናሚ በተመታች በሁለት ሳምንቷ አሸነፈ፤ 2ኛም የወጣው የአገሩ ልጅ ትራንሴንድ ነበር። አርቴፊሻሉ ተነስቶ አፈሩ ሲመለስ ግን በ2016 ካሊፎርኒያ ክሮም፣ በ2017 አሮጌት ዋንጫውን ተከታትለው ወደ አሜሪካ ወሰዱት።

ካሊፎርኒያ ክሮም ራሱ ለገማች ትልቅ ትምህርት ነው። የ2014 የኬንታኪ ደርቢ አሸናፊ የነበረው ይህ ፈረስ በ2015 ዱባይ ሲመጣ ቀዳሚው ግምት የእሱ ነበር። በ14 ለ 1 የተገመተው የሳዒድ ቢን ሱሩር ፕሪንስ ቢሾፕ ጉድ ሰራውና 2ኛ ወጣ። በዓመቱ ባለቤቶቹ ሌላ ዘዴ ዘየዱ፤ ፈረሱን ቀደም ብለው ዱባይ አመጡት፣ ፌብሩዋሪ ላይ እዚያው ሜይዳን አንድ ሩጫ አሮጡትና አሸነፈ። የወርልድ ካፑ ዕለት ኮርቻው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ጋላቢውን ቪክቶር ኤስፒኖዛን ቢያስቸግረውም ማንም አልደረሰበትም። ያው ፈረስ፣ ያው ሜዳ፣ ያው ርቀት ነው፤ የተለወጠው ፈረሱ ቦታውን ለምዶ መጠበቁ ነው። ኳስ ተመልካቹ «ከሜዳ ውጪ» የሚለው ነገር ለፈረስም ይሠራል።

እርግጥ አሮጌት በ2017 ከአሜሪካ በቀጥታ መጥቶ፣ አነሳሱ ተበላሽቶበት መጨረሻ ቀርቶ፣ ሁሉንም አልፎ ጋን ራነርን ሳይቀር ቀድሞ ገብቷል። እንዲህ ያለ ፈረስ ግን በየዓመቱ አይወለድም። እሱም ከዚያ ምሽት በኋላ አንድም ጊዜ አላሸነፈም።

ሁለተኛው ወጥመድ ሳዑዲ ካፕ ነው። ውድድሩ ከተጀመረበት ከ2020 እስከ 2025 ባለው ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ሳዑዲ ካፕንም ወርልድ ካፑንም ያሸነፈ ፈረስ የለም። ፓንታላሳ በ2023 ሪያድን አሸንፎ ዱባይ ላይ 10ኛ ወጣ። ሴኞር ቡስካዶር በ2024፣ ፎርኤቨር ያንግ ደግሞ በ2025 3ኛ ሆኑ። በአንጻሩ በ2022 ሪያድ ላይ 2ኛ የነበረው ከንትሪ ግራመር በፍራንኪ ዴቶሪ እየተጋለበ ዱባይን ወስዷል። ገማቹ ሕዝብ ግን በየዓመቱ የሚያየው የሪያዱን አሸናፊ ነው። ሪያድ ላይ ሞቶ የተፋለመ ፈረስ በስድስት ሳምንትና ከዚያም ባነሰ ጊዜ እንደገና በአውሮፕላን ተጭኖ ያንኑ ጉልበት ያመጣል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ከሁሉም በላይ ግን ወርልድ ካፑን የሚወስነው «ፊት ማን ይወጣል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሦስት ዓመት ብቻ ወስዶ ማየት ይበቃል። በ2022 ላይፍ ኢዝ ጉድ ቀዳሚ ግምት ተሰጥቶት ከመነሻው ፊት ወጣ። ከሁለት ወር በፊት አሜሪካ ውስጥ በ1800 ሜትር ትልቅ ድል አግኝቶ ነበር። ዱባይ ላይ ግን ተከታዮቹ ሳያርቁት ቆዩና የመጨረሻዎቹ 200 ሜትሮች ጉልበቱን ጨረሱት፤ 4ኛ ወጣ። በ2023 ፊት ያሉት ፈረሶች እርስ በርስ ተፋጁ። ፓንታላሳም እዚያ ውስጥ ነበር። ይህን ሁሉ ከኋላ ሆኖ ሲያይ የነበረው ኡሽባ ቴሶሮ በዩጋ ካዋዳ እየተጋለበ በውጪ በኩል መጥቶ ጠራረጋቸው።

በ2024 ሁሉም ሰው ያንኑ ፊልም ጠበቀ። ኡሽባ ቴሶሮ ተመልሶ መጥቷል፤ ከኋላ ይመጣል ተባለ። የመጣውም ከኋላ ነበር፣ ነገር ግን ላውረል ሪቨር የለም፤ ሄዷል። ቡፓት ሲማር የሚያሰለጥነው፣ ታይግ ኦሼይ የሚጋልበው የዱባዩ ፈረስ ብቻውን ፊት ወጣ፣ ማንም ሊነካው አልደፈረም፣ በ8 ከግማሽ የፈረስ ርዝመት ልዩነት ገባ። የሚገርመው ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ እዚያው ሜይዳን ያሸነፈው በ1600 ሜትር ነበር። «2000 ሜትር ይበዛበታል» ያሉት ባለሙያዎች ስሌታቸው ስህተት ነው ማለት አይቻልም፤ ያልቆጠሩት ከእሱ ጋር ፊት ሊወጣ የሚችል ሌላ ፈረስ አለመኖሩን ነው። ፊት የሚወጣው አንድ ብቻ ከሆነ እንደፈለገው ይተነፍሳል፣ ሩጫውን እሱ ይመትራል። ሁለት ሦስት ከሆኑ ግን ዋንጫውን ለኋለኛው ያስረክባሉ።

ስለዚህ የወርልድ ካፕ ዝርዝር ሲወጣ እስክሪብቶ ይዞ መጀመሪያ መሥራት ያለበት ነገር ከመነሻው ፊት መውጣት የሚወዱትን መቁጠር ነው። አንድ ከሆነ እሱን መያዝ ነው፣ በተለይ ክረምቱን ሜይዳን የቆየ ከሆነ። ከሁለት በላይ ከሆኑ ከኋላ የሚመጣ፣ አፈር ፊቱ ላይ ቢወርድ የማይደነግጥ ፈረስ ይፈለጋል። የሪያዱ አሸናፊ ከመጣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ደረጃ እንጂ ለአንደኛ አይያዝም።

ከዋናው ውድድር በፊት ያሉት ደግሞ ለገማች የተሻለ ፍንጭ ይሰጣሉ። በዩኤኢ ደርቢ፣ የሦስት ዓመት ፈረሶች በአፈር ላይ 1900 ሜትር በሚሮጡበት፣ ጃፓኖች ቤታቸውን ሠርተዋል። ክራውን ፕራይድ በ2022፣ ደርማ ሶቶጋኬ በ2023፣ ፎርኤቨር ያንግ በ2024፣ አድማየር ዴይቶና በ2025 ተከታትለው ወስደዋል። አራት ዓመት በተከታታይ ማለት የአጋጣሚ ነገር አይደለም። እዚህ ላይ ጥያቄው የትኛው ጃፓናዊ የሚል ብቻ ነው።

በጎልደን ሻሂን ነገሩ ይገለበጣል። 1200 ሜትር የአፈር ሩጫ ነው፤ ድሮ የአሜሪካኖች ነበር፤ ማይንድ ዩር ቢስኪትስ በ2017 እና በ2018 ደጋግሞታል። ከ2022 እስከ 2025 ካሉት አራት ውድድሮች ግን ሦስቱን እዚያው ኤሚሬትስ የሚሰለጥኑ ፈረሶች ናቸው ያሸነፉት፤ ስዊዘርላንድ፣ ቱዝና ዳርክ ሳፍሮን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የዚያው የሲማር ፈረሶች ናቸው። በአጭር ርቀት መንገደኛ ፈረስ ለመንቃት ጊዜ የለውም፤ አንድ ጊዜ ከመነሻው በር ዘግይቶ ከወጣ አለቀ። ስለዚህ የቤቱን ልጅ መያዝ ነው።

በሳር ላይ 2410 ሜትር የሚሮጠው ሺማ ክላሲክ ከሁሉም ለስም የሚታመን ውድድር ነው። ኢኩዊኖክስ በ2023 ከመነሻው እስከ መጨረሻው መርቶ፣ ጋላቢው ጅራፍ ሳያነሳ የትራኩን ሪከርድ ሰብሮ ሲገባ የግምቱ ሰው ሁሉ ቲቪው ፊት ተኝቶ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሻህርያር በ2022፣ ዳኖን ዴሳይል በ2025 ጃፓን ወስደውታል፤ የ2024ቱን የጎዶልፊኑ ሬብልስ ሮማንስ ነው ያሸነፈው። በሳሩ ላይ አፈር ፊት ላይ አይወርድም፣ ቀጥታውም ረዘም ይላል፣ ጥሩ ፈረስ መንገድ ያገኛል። ጃፓን ወይም ጎዶልፊን ብሎ መሄድ ነው።

ዱባይ ተርፍ ግን ልብ ያደርቃል። 1800 ሜትር ነው። በ2022 ሎርድ ኖርዝና ፓንታላሳ በፎቶ እንኳን ሊለዩ ስላልቻሉ ዋንጫውን ተካፈሉት። ሎርድ ኖርዝ ይህን ውድድር ከ2021 እስከ 2023 ሦስት ጊዜ አሸንፏል፤ ቦታውን የሚወድ ፈረስ ማለት እንዲህ ነው። በ2025 ደግሞ ሮማንቲክ ዋሪየር በሶል ራሽ የተቀደመው በአፍንጫ ነው። ሪያድ ላይ በፎርኤቨር ያንግ፣ ዱባይ ላይ በሶል ራሽ፣ ሁለቱንም ለጥቂት። ከዚህ ቀደም እዚያው ሜይዳን ሮጦ ጥሩ ውጤት ያለው ፈረስ ካለ እሱን መምረጥ ይሻላል። ከሌለ ይህን ውድድር ባዶ መተውም ግምት ነው።

3200 ሜትር የሚሮጠውን ጎልድ ካፕ በ2023 እና በ2024 አየርላንዳዊው ኤይደን ኦብራየን በብሩምና በታወር ኦፍ ለንደን ወስዶታል፤ በ2025 በዱባይ ፊውቸር የቀማው ቢን ሱሩር ነው። ቢን ሱሩር ማለት ወርልድ ካፑን ራሱን ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈ አሰልጣኝ ሲሆን ከፈረስ በፊት ፖሊስ ነበር። ዛሬ እንደ ድሮው ብዙ ፈረስ ይዞ አይቀርብም፤ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ከታየ ግን በቸልታ መታለፍ የለበትም። አል ቁዝ ስፕሪንትና ጎዶልፊን ማይል ክፍት ናቸው፤ በእነሱ ላይ ደረትን ነፍቶ የሚናገር ሰው ካለ አለመስማት ነው። ምሽቱን የሚከፍተው የንጹህ ዝርያ አረብ ፈረሶች ካሃይላ ክላሲክ ደግሞ የራሱ ዓለም ነው፤ የሌሎቹን ሩጫ መለኪያ ይዞ እሱን መገመት አይሆንም።

ዱባይ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በ2025 ዋናው ውድድር የተነሳው በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነበር፤ ቅዳሜ ስለሆነ ከፕሪሚየር ሊጉ ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ሩጫው ራሱ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ፈረሶቹ በሩ ውስጥ ሲገቡ ሪሞቱን አንስቶ፣ የመጀመሪያዎቹን 400 ሜትሮች ስንት ፈረስ ፊት እንደወጣ አይቶ፣ ሌላው ሳያውቅ «ይኼ ጨረሰ» ወይም «ይኼ ይሞታል» ማለት ይቻላል።